ሞተሩን ማን እንደሠራው የማይታወቅ ባጃጅ ስትገዙ

ጎንደር ላይ ያገለገለ ባጃጅ ልትገዙ ከወጣችሁ፣ ሞተሩ ወርዶ የማያውቅ ማግኘት ይከብዳችኋል። ምክንያቱ ዳገቱ ነው። ከአዘዞ ወደ ማራኪ፣ ከማራኪ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ቁስቋም፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ የሚውለው ወደ 200 ሲሲ የሆነ ትንሽ ሞተር ነው። ስለዚህ ሞተሩ መሠራቱ በራሱ ነውር የለውም። እንዲያውም በደንብ የተሠራ ሞተር፣ ካልተነካ አሮጌ ሞተር ይሻላል። ችግሩ ታሪኩ ነው። ማን ሠራው? መቼ? የቱ እቃ ተቀየረ፣ የቱ ታጥቦ ተመለሰ? ይሄን የጻፈ ሰው የለም። ሻጩን ስትጠይቁት "ሙሉ ሞተር አሠርቼዋለሁ፣ ገዝቶ መንዳት ብቻ ነው" ይላችኋል። ደረሰኝ? የለም። ጋራዡስ? "ልጁ አገር ቀይሯል።"

ይሄን የምጽፈው እኔም ስለተቃጠልኩበት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም አንድ ባጃጅ ገዛሁ። ቀለሙ ገና ይሸታል። ሸራው አዲስ፣ የወንበሩ ልብስ አዲስ፣ የኋላ መስታወቱ ላይ የፋሲል ከነማ አርማ ተለጥፏል። ሻጩ "ፒስተን አዲስ ገብቶለታል" አለኝ፣ አመንኩት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለት እናቶችና አንድ ሕፃን ጭኜ ወደ ቁስቋም ስወጣ ከኋላ "ዱክ ዱክ" የሚል ድምፅ ጀመረ። ዳገቱ መሀል ላይ ቆምኩ። እናቶቹን ይቅርታ ጠይቄ በእግራቸው እንዲሄዱ ሆነ፤ አንደኛዋ "አይዞህ ልጄ" ብለው ብሩን ሊሰጡኝ ሲሉ ያፈርኩትን እፍረት እስካሁን አልረሳውም።

ሞተሩ ተፈታ። መካኒኩ የፒስተኑን አናት በጨርቅ ጠረግ አደረገና አሳየኝ። 1.00 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። ሲሊንደር ሲበላ ቶርኖ ቤት ይወሰድና ይሰፋል፣ ከዚያ በልኩ ወፈር ያለ ፒስተን ይገባለታል። ልኩ ብዙ ጊዜ በ0.25 ሚሊሜትር ነው የሚጨምረው፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00። የእኔ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ከዚህ በኋላ መስፋት የለም፣ ሲሊንደሩ ራሱ መቀየር አለበት። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከታች ያለው የቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን ከታች ካለው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ኩሽኔታ ጭራሽ አልተነካም። አዲስ ፒስተን በአሮጌ ቢዬላ ላይ አስቀምጠውታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰውየው አልዋሸኝም። ፒስተኑ አዲስ ነበር። እኔ ነኝ "ፒስተን ተቀይሯል" የሚለውን "ሞተሩ ተሠርቷል" ብዬ የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ለወንድሜም፣ ለጎረቤትም፣ ለሥራ ባልደረቦችም ባጃጅ ስናይ ወሬውን ለጊዜው ወደ ጎን እተወውና ብረቱን አያለሁ። ወረቀት ባይኖርም ብረቱ ላይ የተሠራው ሁሉ ምልክት ትቶ ያልፋል። እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ሊብሬው። ይሄ አጭር ነው፣ ድርድርም የለውም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ከባጃጁ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሮቹ ያሉበትን ቦታ ሻጩ ራሱ ያሳያችሁ። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጉት። ፊደሎቹ ጥልቀታቸው እኩል ነው? መስመራቸው ቀጥ ብሏል? ዙሪያው የተሞረደ ወይም ቀለም ብቻውን የወፈረበት ቦታ አለ? ሞተር ሙሉ በሙሉ ከሌላ ባጃጅ ላይ ተነቅሎ የሚገባበት ጊዜ አለ። ያ በሕጋዊ መንገድ ከሆነ ሊብሬው ላይ ተስተካክሎ መታየት አለበት። "እሱን በኋላ እናስተካክላለን" ከተባላችሁ ሻዩን ጠጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ቁጥሩ የማይገጥም ባጃጅ የቱንም ያህል ቢረክስ ርካሽ አይደለም። የሰው ንብረት ሊሆን ይችላል፣ ስም ለማዛወር ስትሄዱም እዚያው ይቆማል።

ብዙ ባጃጅ በብድር ነው የሚገዛው። ስለዚህ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን ሻጩ በአፉ እንዳይነግራችሁ፣ ከመንገድ ትራንስፖርት በወረቀት አምጡ። የሚሸጠው በውክልና ከሆነ ውክልናው ላይ "መሸጥ" የሚል ቃል በግልጽ መጻፉን አንብቡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም መጥታ ትፈርም። ይሄ ሁሉ አልቆ ውልና ማስረጃ እስክትፈርሙ ድረስ ትልቅ ቀብድ አትስጡ። ደላላው "ሌላ ገዢ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል" ይላችኋል። ይምጣ።

አሁን ወደ ባጃጁ እንሂድ።

ለማየት የምትሄዱት ጠዋት ይሁን። 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባጃጁ ገና ሥራ ሳይወጣ። ከምሽቱ ደውላችሁ "እስክመጣ እንዳታስነሱት" በሉ። ስትደርሱ ሰላምታው እንዳለቀ መጀመሪያ ከኋላ ዞራችሁ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብረት እጅ ይቆረጥማል። ሞተሩ ለብ ካለ አስነስተውት ነበር ማለት ነው። ለምን? የሚያስቸግር ሞተር ሲቀዘቅዝ ነው ገመናው የሚወጣው። አትጣሉ፣ አትቆጡ። "ነገ ተመልሼ እመጣለሁ" በሉና ሂዱ። እኔ አንዴ ሦስት ጠዋት ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ጠዋት ቀዝቃዛ አገኘሁት፣ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ፈጀ።

ሳይነሳ ገና የሚታይ ብዙ ነገር አለ፣ ለእኔ ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከኋላ ቁጢጥ በሉ። ቡሎኖቹን እዩ። የእያንዳንዱን ቡሎን ጭንቅላት። ጠርዙ የተበላ፣ የተንሸራተተ ቁልፍ የፋቀው ከሆነ የፈታው ሰው በልኩ ቁልፍ አልነበረውም፣ ወይም ተቻኩሏል። በመዶሻና በመሮ ተመትቶ የዞረ ቡሎን ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል፣ ጎኑ ላይ ሰንበር አለው። አራት ቡሎን ባለበት አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ነው? አንዱ ጎድሏል? ሞተር የሠራ ሰው ውጭ የሚታየውን ቡሎን እንዲህ ካደረገው ውስጥ ያለውን እንዴት አድርጎት ይሆን? በሌላ በኩል ቡሎኖቹ ጠርዛቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው፣ አቧራቸው ግን ከሌላው የሞተሩ አካል ያነሰ ከሆነ፣ ያ ሞተር ተከፍቷል፣ የከፈተውም እጁ የሰላ ሰው ነው።

ቀጥሎ ሲሊኮን። የሞተሩ ክፍሎች የሚጋጠሙበት መስመር ላይ ዘይት እንዳያልፍ በመሀል የሚገባ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ አለ። አንዳንዱ መካኒክ ጓርኒሲዮን ላለመግዛት ወይም የተጎዳውን ፊት ላለማስተካከል ሲሊኮን ይቀባበታል። ቀዩ ወይም ግራጫው ሲሊኮን ከመስመሩ ወጥቶ እንደ ትል ተጠቅልሎ ታዩታላችሁ። ወደ ውጭ የወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ገብቷል። ውስጥ የገባው ሲቆራረጥ ከዘይቱ ጋር ይዞርና የዘይት ማጥለያውን ይደፍናል፣ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ወሬ የለውም። ትንሽ፣ ቀጠን ያለ መስመር ያለ ነው፣ አያስፈራም። እንደ ቅቤ የተለቀለቀ ከሆነ ግን ዋጋው ውስጥ አስገቡት።

ሞተሩ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ሞተር የሚታይ ነገር አይደለም፣ ተሳፋሪው ከላዩ ይቀመጥበታል። ቀለም የሚቀባው ዘይት የሚያልብበትን ቦታ ለመሸፈን ነው፤ እኔ ሌላ ምክንያት አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ሲባጎ አውጡ። አዎ፣ ሲባጎ። ባጃጅ ሦስት ጎማ ነው፣ ሲገለበጥ ወይም ሲጋጭ ሻንሲው ይጣመማል። ጋራዥ ገብቶ በብየዳና በመዶሻ ይቃናል፣ ስቱኮ ይለጠፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከላይ ሲታይ አዲስ ነው። ልኬቱን ግን በዓይን ማቃናት አይቻልም። ሜዳ ቦታ ላይ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። የሲባጎውን አንድ ጫፍ የፊት ጎማው መሀል ላይ ጓደኛችሁ ይያዝ፣ ሌላውን ጫፍ እስከ ቀኝ የኋላ ጎማ መሀል ድረስ ሳቡና ቋጠሮ አድርጉበት። ከዚያ ያንኑ ሲባጎ ወደ ግራው ጎማ ውሰዱት። ቋጠሮው እዚያው ላይ ማረፍ አለበት። የጣት ያህል ልዩነት ካለ ሻንሲው አንድ ነገር ደርሶበታል። እንዲህ ያለ ባጃጅ ጎማ ይበላል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። እኔ አልገዛም።

ስቱኮውን ለማወቅ ማግኔት ይበቃል፣ ከተበላሸ የሬድዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ትንሽ ማግኔት። በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱት። የሚይዝበት ቦታ ብረት ነው። ልፍስፍስ የሚልበት፣ የሚወድቅበት ቦታ ስር ስቱኮ አለ። በር ስር ትንሽ ቢኖር ባጃጅ ነው፣ የማይላጋ የለም። የፊቱ ሹካ አካባቢና የሻንሲው ማጋጠሚያ ላይ ካገኛችሁ ግን ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ ገልጣችሁ ብየዳ ፈልጉ።

ጎማው ላይ 4.00-8 የሚል ልኩ ተጽፏል። ብዙ ጎማ ላይ ደግሞ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 1521 ካለ በፈረንጅ 2021 በ15ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ በእኛ 2013 መሆኑ ነው። ሻጩ "ጎማ ባለፈው ወር ቀየርኩ" ካላችሁ ይሄ ቁጥር አብሮት ይመስክር። የኪሎሜትር ቆጣሪውን ግን እርሱት፣ ገመዱ ከተነቀለ አይቆጥርም። ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የመሪውን እጀታ እዩ። ጥርሱ ጠፍቶ እንደ ጠጠር የለሰለሰ ፔዳል ቆጣሪው የማይናገረውን ይናገራል።

አሁን አስነሱት። ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ቆሞ ይስራ፣ እናንተ ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ጋ ቁሙ። በቀዝቃዛ ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ነው፣ ወዲያው ይጠፋል፣ አይቁጠሩት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹ ደክመዋል፣ ያ ቀላል ነው። ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበት፣ ማለትም ፋሻው፣ ወይም ሲሊንደሩ ነው፣ ያ ሞተር ማውረድ ነው። ቱ ስትሮክ የሚባለው የድሮው ባጃጅ ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል ይሄ ፈተና ለእሱ አይሠራም።

ጥቁር ጭስና ጥቁር ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን እቃ፣ ስታዩ ግን ቶሎ አትደንግጡ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለዚህ አየር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፣ ስለዚህ ያጠቁራል። ይሄ በካቻቢቴ የሚስተካከል ነገር ነው። በዚሁ ምክንያት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ኃይል፣ በመለኪያ ብትለኩ ቁጥሩ መመሪያው ላይ ካለው ዝቅ ይላል። መለኪያ ከሌላችሁ ካንዴላውን ፍቱና ቀዳዳውን በአውራ ጣት ድፈኑት፣ ጓደኛችሁ ሞተሩን ያዙረው። ጤነኛ ሞተር ጣታችሁን ገፍቶ ያስለቅቃችኋል። ደካማ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምሩና ድገሙት። በዘይቱ ከበረታ ድክመቱ ፋሻው ጋ ነው፣ ያው ከሆነ ደግሞ ቫልቮቹ ጋ። ሻጩ ካንዴላ ማስፈታት አልፈልግም ካለ መብቱ ነው፣ እናንተም አለመግዛት መብታችሁ ነው።

ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጉ። እንደ ወርቅ ንጹሕ ከሆነ ትናንት ተቀይሯል ማለት ነው፣ መቼና ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ። እንደ ማር የሚሳብ ወፍራም ከሆነ ጭስና ድምፅ ለመደበቅ የሚጨመር ነገር ሊኖርበት ይችላል። ጨርቁን ፀሐይ ላይ አዘንብሉት፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ውስጥ የሚበላ ነገር አለ።

ድምፁን ለማዳመጥ ካቻቢቴ ይበቃል። የኔን ባጃጅ የፈታው ጋሼ ረጅም፣ የእንጨት እጀታ ያለው ካቻቢቴ አለው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው ላይ፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። አንድ ቀን ለእኔም ሰጠኝ። "ከላይ ቲክ ቲክ ይላል፣ ሰማህ? እሱ ቫልቭ ነው፣ በሻይ ሰዓት ይስተካከላል። አሁን ወደ ታች አምጣው። ይሄ ዱክ ዱክ የሚለውን ነው የምትፈራው።" ልዩነቱ አንዴ ጆሮ ከገባ አይወጣም። የላይኛው ቀጭንና ፈጣን ነው። የታችኛው ወፍራም ነው፣ ነዳጅ ስትሰጡትና ሲጫን ይብሳል። ሲቀዘቅዝ ብቻ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ሲሊንደሩ ለፒስተኑ እንደሰፋው ይናገራል፤ ለዚህ ነው ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ እዩት ያልኳችሁ።

ቀጥሎ ዳገት። ሻጩ ፒያሳን አንድ ዙር አዙሮ ሊመልሳችሁ ይፈልጋል። እምቢ በሉ። ሁለት ሰው ከኋላ አስቀምጡና ወደ ጎሃ ወይም ወደ ቁስቋም ውጡ። በሁለተኛ ማርሽ እየወጣችሁ ነዳጁን ለቀቅ፣ ሰጥ አድርጉ። ማርሹ በራሱ ዘሎ ከወጣ ጥርሱ ተበልቷል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አናቱ ላይ ስትደርሱ በሚኒሞ አቁሙት፣ ረግቶ ይሠራል ወይስ ይጠፋል? አጥፉትና ወዲያው አስነሱት። ያረጀ ሞተር እንደጋለ መነሳት ይጠላል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መክደኛውን በጥንቃቄ ላላ አድርጉ፣ ፊታችሁን ግን አታቅርቡ። "ፉፍ ፉፍ" እያለ ጭስ የሚተፋ ከሆነ እሳቱ በፋሻው በኩል ወደ ታች እያለፈ ነው። ስትወርዱ ፍሬኑን ፈትኑ፣ መሪው ይስብ እንደሆነ በሁለት ጣት ብቻ ያዙት። ሜዳ ላይ ስትደርሱ ካርቶን ስሩ አንጥፉና ሻይ እስክትጠጡ ድረስ ይቁም። ካርቶኑ ላይ የወደቀውን ዘይት ቁጠሩ።

ጥያቄን በተመለከተ፣ "ሞተሩ ጤነኛ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱን ታውቁታላችሁ። "ስንት ቁጥር ፒስተን ገባለት? ቶርኖ ያደረገው ማነው? የቢዬላው ኩሽኔታ ተቀይሯል? ቫልቮቹስ?" በሉ። ሥራውን በእርግጥ ያሠራ ሰው ከአራቱ ሁለቱን እንኳን ይመልሳል። ከሁሉም ይልቅ ግን "አሮጌው እቃ የታል?" በሉት። ጨዋ መካኒክ የቀየረውን እቃ በከረጢት አድርጎ ለባለቤቱ ይመልሳል፣ ብዙ ባለባጃጅም አይጥለውም፣ አልጋ ስር ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ሻጭ ከጓዳ የማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ አሮጌ ፒስተን፣ ፋሻና ኩሽኔታ መሬት ላይ ዘረገፈልኝ። ደረሰኝ አልነበረውም። ያንን ባጃጅ ወንድሜ ገዛው፣ እስካሁን አዘዞ መስመር ላይ ይሠራል።

ባለቤቱና ሹፌሩ የተለያዩ ከሆኑ ሹፌሩን ለብቻው አግኙት። የቀን ገቢ እየከፈለ የሚነዳው ልጅ ባጃጁን ከባለቤቱ በላይ ያውቀዋል። ማኪያቶ ጋብዙትና "ወንድሜ፣ ዳገት ላይ እንዴት ነው? ዘይት በስንት ቀን ትጨምራለህ?" በሉት። "በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ" ካለ ጨርሷል።

መካኒክም ይዛችሁ ሂዱ፣ የራሳችሁን። ደላላው "እኔ የማውቀው ልጅ አለ" ካለ አመስግናችሁ እለፉ። ለመካኒካችሁ ገዛችሁም አልገዛችሁም የቀኑን ዋጋ ክፈሉት፣ አስቀድማችሁም ንገሩት። ካልገዛችሁ የማይከፈለው ከመሰለው "ጥሩ ነው፣ ግዛው" ማለት ይቀናዋል።

ዋጋው ላይ የምከተለው መንገድ አንድ ነው። በወረቀት፣ በአሮጌ እቃ ወይም በፈተና ያልተረጋገጠ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ከመደራደራችሁ በፊት የምታምኑት ጋራዥ ሄዳችሁ ሙሉ ሞተር በእጅ ዋጋ ስንት እንደሚሠራ፣ እቃ መሸጫ ሄዳችሁ ፒስተኑ፣ ኩሽኔታው፣ ጓርኒሲዮኑ ስንት እንደሚያወጣ ጻፉ። ያንን ደምሩና የሞተሩ ሥራ ባልታወቀ ልክ ከዋጋው ቀንሱ። ሻጩ "እኔ እኮ ይሄን ያህል ብር አውጥቼበታለሁ" ይላል። ሊሆን ይችላል፣ አትጣሉት፣ ወረቀታችሁን አሳዩት። "ጋሼ፣ እኔ ይሄን ድጋሚ ማውጣት ሊኖርብኝ ነው" በሉት በአክብሮት። የሚስማማ ይስማማል። ለጥምቀት ሥራ ይደራል ብላችሁ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ አትግዙ፤ እኔ የገዛሁት እንዲያ ሆኜ ነው።

ገዛችሁ እንበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን እቃ ጊዜ ሳይሰጥ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ውሉ ላይ ሻጩ ስለ ሞተሩ የነገራችሁን ቃል በቃል አስጽፉ፦ "ፒስተን፣ ፋሻና የቢዬላ ኩሽኔታ ተቀይሯል" ተብሎ። ብዙ ሻጭ እዚህ ጋ ሲደርስ "ኩሽኔታውን እንኳን እርግጠኛ አይደለሁም" ይላል። ያቺ ቃል ከመፈረማችሁ በፊት ብትመጣ ነው የሚሻለው። በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን ድፉና ፊልትሮውን እዩ፣ የሲሊኮን ቁራጭ ወይም ብረት ካለ ፎቶ አንሱና የዚያኑ ቀን ለሻጩ ደውሉ። ቡሎኖቹን በሙሉ አጥብቁ፣ ቫልቩን አስለኩ።

ከዚያ 50 ቅጠል ደብተር ግዙና ከወንበሩ ስር አስቀምጡት። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው ይሄ ነው፦ ሲሊንደር አዲስ፣ ፒስተን መደበኛ ልክ፣ ቢዬላ ከነኩሽኔታው አዲስ፣ ቫልቭ ሁለቱም ተቀይሯል፣ ደረሰኙ ከኋላ ተያይዟል፣ አሮጌው እቃ ቤት አለ።